የተሞላ ጥርስ ለምን ተመልሶ ይታመማል?

ስለ ሙሌት ጠርዝና ስለ ማጣበቂያው

(በሬድዮ የጤና ዝግጅት ላይ ከቀረበ ንግግር ለመጠለያ ነዋሪዎች በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ዝግጅቱን በሬድዮ ለመከታተል ያልተመቻችሁ ይህን ወረቀት እንድታነቡት፣ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም እንድታነቡላቸው እንጠይቃለን።

የዛሬው ርዕሳችን የጥርስ ሙሌት ነው። ስለ ጥርስ ሲነሳ ከብዙ ሰው የሚሰማ አንድ ቅሬታ አለ። «ጥርሴን አስሞልቼ ነበር፤ ዓመት እንኳ ሳይቆይ ተመልሶ አመመኝ። ያን ሁሉ ገንዘብ ከማወጣ መጀመሪያውኑ ባስነቅለው ይሻለኝ ነበር» ይላሉ። ቅሬታው የሚናቅ አይደለም። የቀን ሥራ ሠርቶ፣ ከውኃ ጀሪካንና ከቤት ኪራይ ቀንሶ ለሐኪም የከፈለ ሰው ለአንድ ጥርስ ሁለት ጊዜ መክፈል ይከብደዋል። ይሁን እንጂ መፍትሔው የታመመን ጥርስ ሁሉ መንቀል አይደለም። አንዴ የተነቀለ የአዋቂ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም፤ ጎረቤቶቹም ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ማኘክም ያስቸግራል። መፍትሔው ሙሌት ለምን እንደሚከዳ አውቆ፣ እንዳይከዳ ከሐኪሙ ጋር መተባበር ነው።

በቅድሚያ የዛሬውን ትምህርት ዋና ሐሳብ በአጭሩ እንንገራችሁ። ሙሌትን የሚያቆየው መሐሉ ሳይሆን ጠርዙ ነው። ጠርዙ በደንብ ከተጣበቀ ጥርሱ ይድናል፤ ጠርዙ ክፍት ከሆነ ሙሌቱ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከሥሩ መበስበሱ አይቀርም።

ጥርስ የሚበሰብሰው እንዴት ነው?

ብዙዎቻችን «ጥርሴን ትል በላው» ስንል አድገናል። በእርግጥ ግን በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ጥርስን የሚያበሰብሱት በዓይን የማይታዩ ጀርሞች ናቸው። እነዚህ ጀርሞች በጥርስ ላይ በሚለጠፈው ቆሻሻ ውስጥ ይኖራሉ፤ ምግባቸውም ስኳር ነው። እኛ ስኳር የበዛበት ሻይ ስንጠጣ፣ ጫት ስንቅም ከለስላሳ መጠጥ ጋር ስናወራርድ፣ ሕፃናት ከረሜላ ሲመጡ፣ ጀርሞቹም አብረውን ይመገባሉ። ስኳሩን በልተው አሲድ ያወጣሉ፤ አሲዱም ጥርስን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል።

ጥርስ ሁለት ዋና ዋና ንብርብሮች አሉት። የላይኛው ነጭና ጠንካራ ልባስ ኤናሜል ይባላል። ከክብደቱ 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ስለሆነ በሰውነታችን ውስጥ ከእርሱ የሚጠነክር ነገር የለም። ከሥሩ ያለው ዴንቲን የተባለው ክፍል ነው። ዴንቲን 70 በመቶ ያህሉ ማዕድን ሲሆን የቀረው ውኃና ክር መሳይ ሥጋዊ ነገር ነው። እጅግ ቀጫጭን ቱቦዎችም ሞልተውበታል፤ ቱቦዎቹም ወደ ጥርሱ ነርቭ ያመራሉ። መበስበሱ ኤናሜሉን አልፎ ዴንቲን ሲደርስ ቀዝቃዛ ውኃና ጣፋጭ ነገር ጥርሳችንን የሚነዝረን በዚህ ምክንያት ነው። ነርቩ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ሕመም ይጀምራል።

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ያልታከመ የተቦረቦረ ቋሚ ጥርስ አላቸው። ስለዚህ ችግሩ የስደተኛ ብቻ ወይም የአንድ አገር ሕዝብ ብቻ አይደለም።

ጉዳዩ ያለው ጠርዙ ላይ ነው

ሐኪሙ የበሰበሰውን ጠርጎ ጉድጓዱን በሌላ ነገር ይሞላዋል። ሙሌቱና ጥርሱ የሚገናኙበት መስመር ጠርዝ ይባላል። የላስቲክ ወይም የሸራ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ዝናብ ሲመጣ ውኃ የሚገባው በሸራው መሐል አይደለም፤ ሸራው ከሸራ ጋር በተገናኘበት፣ በተሰፋበትና በታሰረበት በኩል ነው። ሙሌትም እንዲሁ ነው።

አንድ ጀርም ስፋቱ የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ገደማ ነው። የራስ ፀጉራችን ውፍረት ከዚያ ብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። እንግዲህ ከፀጉር በጣም የቀጠነ፣ በዓይን የማይታይ ክፍተት ለጀርም ሰፊ በር ነው ማለት ነው። በዚያ በር ምራቅ፣ ስኳርና ጀርም ይገባሉ። የጥርስ ብሩሽም መፋቂያም እዚያ አይደርሱም። ከላይ ሲታይ ሙሌቱ ደህና ነው፤ ከሥሩ ግን መበስበሱ ይቀጥላል።

በተቃራኒው ጠርዙ ከተዘጋ ጀርሞቹ ስኳር ስለሚቋረጥባቸው ይዳከማሉ። ይህን የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ ወጥቷል። ተመራማሪዎቹ የአንዳንድ ጥርሶችን የበሰበሰ ክፍል ሙሉ በሙሉ ሳይጠርጉ ጠርዙን ብቻ አጽድተው በደንብ በተጣበቀ ሙሌት አሸጉት። ለ10 ዓመት ሲከታተሉም ጠርዙ እንደተዘጋ በቆየባቸው ጥርሶች መበስበሱ ቆሞ ተገኘ። ዛሬም ባለሙያዎች መበስበሱ ወደ ነርቭ በጣም ሲቀርብ ነርቩን ላለመንካት ከጉድጓዱ ወለል ላይ ጥቂት የለሰለሰ ዴንቲን ትተው ይሞላሉ። ዳር ዳሩን ግን አጥርተው ያጸዳሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ በጠርዙ መታሸግ ላይ የተመሠረተ ሥራ ነው።

ማጣበቂያው እንዴት ይሠራል?

ነጩ ሙሌት፣ ማለትም ኮምፖዚት የሚባለው፣ በራሱ ከጥርስ ጋር አይጣበቅም። የሚያጣብቀው በመሐል የሚቀባ ስስ ፈሳሽ ነው። ሐኪሞች ቦንድ ይሉታል።

አሠራሩን ለመረዳት የጎሚስታን ሥራ አስቡ። ጎሚስታ የተበሳውን የውስጥ ጎማ ሲለጥፍ በመጀመሪያ ቦታውን ይሞርደዋል። ቀጥሎ አጽድቶ ማስቲሽ ይቀባዋል፤ ጥቂት ይጠብቅና ልጣፉን ይጫናል። ሳይሞርድ በለሰለሰው ጎማ ላይ ቢቀባ ልጣፉ ይላቀቃል። ውኃ ወይም ዘይት ካለበትም ይላቀቃል። የጥርስ ሐኪሙም ሥራ ከዚህ አይለይም።

ሐኪሙ ጥርሱን «የሚሞርደው» በአሲድ ነው። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1955 ለዓለም ያስተዋወቀው ማይክል ቡኦኖኮር የተባለ በአሜሪካ የሚሠራ የጥርስ ተመራማሪ ነው። በፋብሪካዎች ቀለም ከብረት ጋር በደንብ እንዲይዝ ብረቱ በፎስፎሪክ አሲድ እንደሚታጠብ ያውቅ ስለነበር ያንኑ በጥርስ ላይ ሞከረው፤ ተሳካለትም። ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራበት 37 በመቶ የሆነ የፎስፎሪክ አሲድ ቅባት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም አለው። ኤናሜሉ ላይ ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ከቆየ በኋላ በውኃ ይታጠባል። በዚህ ጊዜ ለስላሳው ኤናሜል በጣም ጥቃቅን ጉድጓዶች ያወጣል፤ ሲደርቅም እንደ ኖራ ይነጣል። ቦንዱ ወደ ጉድጓዶቹ ይገባና በሰማያዊ መብራት ሲበራበት እንደ ሥር ሆኖ ይጠነክራል።

ዴንቲን ግን ጠባዩ ሌላ ነው። አሲዱ ማዕድኑን ሲያነሳው ክር መሳዩ መረብ ይቀራል። ቦንዱ በዚህ መረብ ውስጥ ሰርጎ መጠንከር አለበት። መረቡ ከልክ በላይ ከደረቀ እንደ ጠወለገ ቅጠል ይጣበቃል፤ ቦንዱም አይገባበትም። ውኃ ከበዛበት ደግሞ ቦንዱ ይቀጥናል። ስለዚህ ዴንቲን ላይ ማጣበቅ ከኤናሜል ይልቅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። አሲዱ ለብቻው የማይቀባባቸው፣ በራሳቸው አሲድነት ያላቸው አዳዲስ ቦንዶችም አሉ። እነርሱ ሥራውን ያቃልላሉ፤ ነገር ግን የአምራቹን መመሪያ ተከትሎ በደንብ ማሸትንና በአየር ማድረቅን አያስቀሩም።

ማጣበቂያው የሚከዳባቸው ምክንያቶች

አንደኛው ምክንያት ምራቅ ነው። በአሲድ የታጠበ ጥርስ ላይ ምራቅ ወይም የድድ ደም ከነካ ጥቃቅኖቹ ጉድጓዶች ይደፈናሉ። ሐኪሙ በጥጥ ጥቅል፣ በምራቅ መምጠጫ፣ ካለውም በጎማ ሽፋን ጥርሱን የሚከልለው ለዚህ ነው። ታካሚው በመሐል አፉን ከዘጋ ወይም በምላሱ ከነካካው ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል።

ሁለተኛው መኮማተር ነው። የጭቃ ምርጊት ሲደርቅ እንደሚሰነጠቅ ታውቃላችሁ። ኮምፖዚትም ሲጠነክር በመጠኑ ይኮማተራል፤ ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል። ሲኮማተር ጠርዙን ይጎትታል፤ ቦንዱ ደካማ ከሆነ ይገነጥለዋል። ቤት ስንመርግ ጭቃው ውስጥ ጭድ እንደምንጨምር ሁሉ የኮምፖዚት ሠሪዎችም መኮማተሩን ለመቀነስ የመስተዋት ብናኝ ይጨምሩበታል። ሐኪሙም በአንድ ጊዜ አይሞላውም፤ 2 ሚሊ ሜትር ያህል እያነባበረ እያንዳንዱን በመብራት ያጠነክራል። ስለዚህ «ይህ ሰው ለምን ያዘገያል?» ብላችሁ አትቸኩሉ። ነጭ ሙሌት በጥድፊያ አይሠራም።

ሦስተኛው የመብራቱ ጉልበት ነው። የሰማያዊው መብራት ባትሪ ከደከመ፣ ጫፉ ከቆሸሸ ወይም ከጥርሱ ከራቀ ላዩ ጠንክሮ ሥሩ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

አራተኛው የቦንዱ ጠርሙስ ነው። በብዙ ቦንዶች ውስጥ አልኮል ወይም አሴቶን አለ፤ ክዳኑ ክፍት ከቆየ ይተናል። ሙቀት ያገኘው፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም ወፍሮ የተዝለገለገ ቦንድ አይታመንም።

አምስተኛው የቅርንፉድ ዘይት ነው። ለጥርስ ሕመም ቅርንፉድ ማድረግ በአገራችንም በሶማሌዎች ዘንድም የተለመደ ነው። በአንዳንድ ጊዜያዊ ሙሌቶች ውስጥም የቅርንፉድ ዘይት ንጥረ ነገር አለ። ይህ ንጥረ ነገር ሕመም ያስታግሣል፤ ነገር ግን ቦንዱና ኮምፖዚቱ በደንብ እንዳይጠነክሩ ያደናቅፋል። ስለዚህ ቅርንፉድ አድርጋችሁ ከነበረ፣ ወይም ጊዜያዊ ሙሌት ካላችሁ፣ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።

ስድስተኛው የጉድጓዱ ቦታ ነው። መበስበሱ ወደ ድድ ወርዶ ከሆነ እዚያ ኤናሜል በጣም ስስ ነው ወይም ጭራሹን የለም። ሥፍራውን ማድረቅም ያስቸግራል። ሙሌት ብዙ ጊዜ መክፈት የሚጀምረው በዚህ በታችኛው ጠርዝ በኩል ነው።

ሰባተኛው በተለይ ከአገራችን ስምጥ ሸለቆ የመጡትን የሚመለከት ነው። በወንጂ፣ በመተሐራ፣ በዝዋይ አካባቢ ያደጉ ብዙ ሰዎች ጥርሳቸው ቡናማ ወይም ነጠብጣብ ያለበት ነው። ምክንያቱ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ የበዛበት መሆኑ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በስምጥ ሸለቆ ግን ከ10 ሚሊ ግራም በላይ የተገኘባቸው ጉድጓዶች አሉ። እንዲህ ያለ ጥርስ ላይኛው ገጹ አሲዱን ስለሚቋቋም ቦንድ እንደ ሌላው ጥርስ አይይዘውም። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ላዩን ጥቂት ፍቆ ወይም አሲዱን ረዘም ላለ ጊዜ አቆይቶ ሊሠራ ይችላል። በሐርጌሳ የሚያክማችሁ ሐኪም ያደጋችሁበትን ስለማያውቅ እናንተ ንገሩት።

የትኛው ሙሌት ይሻላል?

ሦስት ዓይነት ሙሌቶች በብዛት ይታወቃሉ።

አማልጋም፦ ብርማ ወይም ጥቁር መልክ ያለው ነው። በቦንድ አይጣበቅም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ይያዛል። መጀመሪያ ላይ በጠርዙ ጥቂት ክፍተት ቢኖረውም ከጊዜ በኋላ ከብረቱ የሚወጣው ዝገት መሳይ ነገር ክፍተቱን ይደፍነዋል። ጠንካራና እርጥበትን የሚችል ነው። ይሁን እንጂ ሜርኩሪ ስላለበት እ.ኤ.አ. በ2013 በተፈረመው የሚናማታ ስምምነት መሠረት አገሮች አጠቃቀሙን እየቀነሱት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022ም ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ሐኪሙ አስፈላጊ ነው ካላለ በስተቀር እንዳይደረግ ተወስኗል። አፋችሁ ውስጥ ያለውን ደህና አማልጋም ግን በፍርሃት አታስወጡት።

ኮምፖዚት፦ ነጩ ሙሌት ነው። መልኩ ያምራል፤ ጥርሱን ብዙ ሳይቆርጡ ይሠራል። ነገር ግን ከላይ እንዳልነው ሙሉ ደረቅ ሥፍራ፣ ጥሩ ቦንድ፣ ጥሩ መብራትና ጊዜ ይፈልጋል። ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው።

ግላስ አዮኖመር፦ ይህ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በእንግሊዝ አገር በአለን ዊልሰንና በብራያን ኬንት ለዓለም የቀረበ ነው። ትልቁ ጥቅሙ ያለ ቦንድ በራሱ ከጥርሱ ማዕድን ጋር መጣበቁ ነው። ጥቂት እርጥበትም ይችላል፤ ፍሎራይድ ስለሚያወጣም ጠርዙን ይረዳል። ጉድለቱ እንደ ኮምፖዚት ጠንካራ አለመሆኑ ነው፤ በተለይ በሁለት ጥርሶች መሐል ላለ ሰፊ ጉድጓድ ቶሎ ሊሰበር ይችላል።

ከዚህ በመነሣት እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ጆ ፍሬንከን የተባሉ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው በታንዛኒያ ኤሌክትሪክና መሰርሰሪያ ሳያስፈልግ የበሰበሰውን በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ በግላስ አዮኖመር መሙላት ጀመሩ። የዓለም የጤና ድርጅትም ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1994 በዓለም የጤና ቀን ለአገሮች አስተዋውቋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ ግላስ አዮኖመርን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ስለዚህ በመጠለያ ውስጥ በእጅ መሣሪያ ጥርስ የሚሞላ ባለሙያ ቢመጣ «ለስደተኛ የተተወ የድሃ ሕክምና» ብላችሁ አትናቁት። ለአነስተኛ ጉድጓድና ለልጆች ጥርስ የታመነ ዘዴ ነው።

እንግዲህ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው። ጥርሱን ማድረቅ ከተቻለ፣ መብራቱና ዕቃው ደህና ከሆነ ነጩ ሙሌት ጥሩ ነው። ጥርሱን ማድረቅ ካልተቻለ፣ ለምሳሌ ድዱ ከደማ፣ ሕፃኑ አፉን መክፈት እምቢ ካለ፣ ጉድጓዱ ከድድ ሥር ከሆነ፣ በደንብ ካልተጣበቀ ውድ ነጭ ሙሌት ይልቅ በደንብ የያዘ ግላስ አዮኖመር ይበልጣል።

እናንተ ምን ማድረግ ትችላላችሁ?

ከመሞላቱ በፊት፦
በዛድ ወይም በጥሬ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ምን ዓይነት ሙሌት እንደሚደረግላችሁ ጠይቁ። «ይህን ጥርስ ማድረቅ ይቻላል ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ ነውር አይደለም። ድዳችሁ የሚደማ ከሆነ ለጥቂት ቀናት በለስላሳ ብሩሽ ወይም በመፋቂያ ደኅና አድርጋችሁ አጽዱት፤ ጤነኛ ድድ ሥራውን ያቀላል። መርፌው አዲስ፣ መሣሪያው በእንፋሎት የተቀቀለ መሆኑንም ጠይቁ። የቋንቋ ችግር ካለ አስተርጓሚ ይዛችሁ ሂዱ። ጥቂት የሶማሌ ቃላትም ይጠቅማሉ፤ ኢሊግ ማለት ጥርስ፣ ሐኑን ማለት ሕመም፣ ቀቦው ማለት ቀዝቃዛ፣ መዓን ማለት ጣፋጭ ነው።

በሚሞላበት ጊዜ፦
አፋችሁን አትዝጉ፤ ጥጡን በምላሳችሁ አትንኩ። መትፋት ወይም ማረፍ ከፈለጋችሁ እጃችሁን አንሡ። አሲዱ ታጥቦ ሙሌቱ እስኪገባ ያለው ጊዜ አጭር ነው፤ በዚያች ጊዜ መታገሥ ለዓመታት ይጠቅማል። ሰማያዊውን መብራት ትኩር ብላችሁ አትዩት።

ከተሞላ በኋላ፦
ግላስ አዮኖመር ከተደረገላችሁ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት አትብሉበት፤ ሐኪሙ ላዩን በቫዝሊን የሚቀባው እርጥበት እንዳይነካው ነው። ኮምፖዚት ወዲያው የሚጠነክር ቢሆንም የማደንዘዣው መርፌ እስኪለቅ ድረስ አትብሉ፤ ጉንጫችሁን ልትነክሱ ትችላላችሁ። ጥርስ ለጥርስ ስትገጥሙ ሙሌቱ ከፍ ብሎ ከተሰማችሁ ተመልሳችሁ እንዲስተካከል አድርጉ። ከፍ ያለ ሙሌት በእያንዳንዱ ጉርሻ ስለሚመታ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ከዚያ በኋላ ጠርዙን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ማታ ከመኝታ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ። መፋቂያ የምትጠቀሙም ጥሩ ነው፤ ጫፉን አለስልሳችሁ በሙሌቱና በድዱ መገናኛ ላይ ቀስ ብላችሁ ፋቁ፤ ከተገኘም ሳሙናውን ጨምሩበት። የሻዩን ስኳር ቀንሱ፤ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት ከመጠጣት ከምግብ ጋር ጠጡት። ጫት የሚቅሙ ሰዎች አፋቸው ስለሚደርቅ በለስላሳ መጠጥ ፋንታ ንጹሕ ውኃ ይጠጡ።

ጠርዙ እንደተከፈተ በምን ይታወቃል?

እነዚህን ምልክቶች ካያችሁ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ፦
ምግብ ዘወትር እዚያው ቦታ ከተሰገሰገ፤
ምላሳችሁ በጠርዙ ላይ ስለት ወይም ደረጃ ከነካ፤
ጣፋጭ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከነዘራችሁ፤
ከዚያ ጥርስ መጥፎ ሽታ ወይም ጣዕም ከወጣ፤
ሙሌቱ ከተነቃነቀ ወይም ከፊሉ ከተሰበረ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ቅዝቃዜ ትንሽ ቢነዝር ብዙ ጊዜ በራሱ ይተዋል። ነገር ግን ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ያለ ምክንያት ከጀመረ ወይም ሌሊት ከቀሰቀሳችሁ ነርቩ ተነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ፊት ወይም አንገት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ግን ጉዳዩ የጥርስ ብቻ አይደለም፤ ሕይወትን ያሰጋል። በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ከአድማጮች ዘወትር የሚነሱ ጥያቄዎች

ሙሌቴ ጠርዙ ላይ ጠቆረ። መቀየር አለበት?
የግድ አይደለም። ሻይ፣ ቡና፣ ትምባሆና ጫት ጠርዙን ያቀልሙታል። መቅለም ብቻውን መበስበስ አይደለም። ጥርሱ ካልለሰለሰና ክፍተት ከሌለ በቅርብ መከታተል ይበቃል። ጥቂት ቦታ ብቻ ተከፍቶ ከሆነም ያችን ቦታ መጠገን ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ሙሌት በተቀየረ ቁጥር ጉድጓዱ ይሰፋል።

ሙሌቴ ወደቀ። በቤት ባለ ማጣበቂያ ልለጥፈው?
በጭራሽ። ለጫማና ለዕቃ የሚሆን ማጣበቂያ ድድንና የጥርስን ነርቭ ይጎዳል፤ ጀርሙንም ከውስጥ ያሽግበታል። አፋችሁን ለብ ባለ ጨው በተጨመረበት ውኃ ተጉመጥመጡ፤ በዚያ በኩል አታኝኩ፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። አስፒሪን ወይም ነጭ ሽንኩርት ድድ ላይ ማድረግም ያቃጥላል፤ አታድርጉ።

የልጄ የወተት ጥርስ ይወድቃል፤ ለምን ይሞላል?
አንዳንድ የወተት መንጋጋዎች ልጁ 10 ወይም 12 ዓመት እስኪሞላው ይቆያሉ። እስከዚያ ከታመሙ ልጁ መብላትም መተኛትም ያቅተዋል፤ ከሥራቸው ያለውን ቋሚ ጥርስም ሊጎዱት ይችላሉ። ትንሽ ሳለ በግላስ አዮኖመር መሙላት ያለ መርፌ ጭምር ሊሠራ ይችላል።

ጥሩ ሙሌት ስንት ዓመት ይቆያል?
እንደ ጉድጓዱ ስፋት፣ እንደ ሥራው ጥራትና እንደ አያያዙ ይለያያል። ትንሽ ጉድጓድ ዙሪያውን በኤናሜል የተከበበ ስለሆነ ጠርዙ አጥብቆ ይይዛል። ጉድጓዱ በሰፋ ቁጥር ጠርዙም ይረዝማል፤ ወደ ድድም ይወርዳል።

ውድ አድማጮቻችን፣ ይህ የመጨረሻ መልስ ዋናውን ምክራችንን ይዟል። ማጣበቂያ ከሁሉ ይልቅ የሚሠራው ጥርሱ ብዙ ሳይጎዳ ሲደርስለት ነው። ጥርሳችሁ ላይ ትንሽ ጥቁር ጉድጓድ ስታዩ፣ ወይም ቀዝቃዛ ውኃ ነዘር ሲያደርጋችሁ፣ ሕመሙ እንቅልፍ እስኪነሳችሁ አትጠብቁ። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዳሉት ትንሹን ጉድጓድ በጊዜ ማሳከም ወጪውም ትንሽ፣ ጠርዙም ጠንካራ ነው። በሶማሌላንድ የጥርስ ሕክምና ባለሙያዎች በአገሩ ውስጥ እየሠለጠኑ ናቸው፤ በቦረማ የሚገኘው አሙድ ዩኒቨርሲቲም የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት አለው። በመጠለያችሁ ያሉትን የጤና ሠራተኞች የትኛው ክሊኒክ እንደሚሻል፣ ክፍያ የሚቀንስ አገልግሎት ካለም የት እንደሆነ ጠይቋቸው።

ለዛሬ ያዘጋጀነው ትምህርት እዚህ ላይ ያበቃል። ይህን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ ለጎረቤት አስተላልፉት።